የልጄ አንዱ የዘር ፍሬ አልወረደም፤ የወንድነት ሆርሞኑስ?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 11 ወሩ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የቀኝ የዘር ፍሬው በከረጢቱ ውስጥ የለም፤ ሳጥበው ብዳስስም የማገኘው ግራውን ብቻ ነው። በደም ምርመራ ቴስቶስትሮኑ (የወንድነት ሆርሞኑ) በጣም ዝቅተኛ ነው ስለተባልን ተጨንቀናል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ቢያዝም ዘመዶቻችን «ሲያድግ በራሱ ይወርዳል» ይሉናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ስለ ደም ምርመራው አይጨነቁ። በወንድ ሕፃናት ላይ ቴስቶስትሮን ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ዕድሜ ከፍ ካለ በኋላ በ6 ወር ገደማ ይቀንስና እስከ ጉርምስና ድረስ ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ በቦታቸው ያሉ የ11 ወር ልጅ ቢመረመርም ውጤቱ ዝቅተኛ ነው የሚሆነው።

የእኔ ስጋት ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሆርሞኑን የሚያመነጩት የሌይዲግ ሕዋሳት የሰውነትን ሙቀት በተሻለ ይቋቋማሉ፤ በዚያ ላይ የወረደው ግራ ፍሬ ጤናማ ከሆነ ለሁለቱም ስለሚበቃ፣ የልጅዎ ድምፅ መጎርነንም ሆነ ጢም ማብቀሉ እንደ እኩዮቹ እንደሚሆን ይጠበቃል። ሙቀቱ የሚጎዳው ወደፊት የወንድ ዘር የሚሆኑትን ሕዋሳትና እነሱን የሚንከባከቡትን ነው። ከረጢቱ ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቀዝቀዝ የሚለውም ለእነዚህ ሲባል ነው፤ ብሽሽት ወይም ሆድ ውስጥ በቀረ ፍሬ ላይ ግን ቁጥራቸው ገና በሕፃንነት መመናመን ይጀምራል፤ ሕመም ስለሌለውም ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ «ሆርሞኑ ደህና ነው» መባሉ ቀዶ ሕክምናውን ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ዘመዶችዎ የሚሉት ለመጀመሪያዎቹ ወራት እውነት ነው፤ ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ይወርዳሉ። ከ6 ወር በኋላ ግን በራሱ የሚወርደው ጥቂት በመሆኑ፣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናው ቢቻል በ12፣ ቢዘገይ በ18 ወር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። ለማውረድ ተብሎ የሚሰጥ የሆርሞን መርፌ ውጤቱ አነስተኛ ስለሆነ በአብዛኛው አይመከርም።

ሁለቱም ፍሬዎች በዳሰሳ የማይገኙ ቢሆን ኖሮ የሆርሞንና የክሮሞሶም ምርመራ የግድ ይሆን ነበር፤ የእርስዎ ልጅ ሁኔታ ግን ይህ አይደለም። ቀጠሮውን አያሳልፉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የዘር ፍሬ ካንሰር የመከሰት ዕድሉ ከሌሎች ልጆች በመጠኑ ከፍ ስለሚል፣ ለጉርምስና ሲደርስ ራሱን እየዳሰሰ እብጠት መኖር አለመኖሩን እንዲያይ ያስተምሩት።