የእቴጌ እሌኒን ጉልት ካርታ ላይ ለምትስሉ

ይድረስ ሐዋሳ ላይ ጂኦግራፊና ቅየሳ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በቅየሳ ስለጨረስኩ መሬት ያለ ድንበር አይታየኝም። እናንተም ኮምፒውተሩን እንደከፈታችሁ መስመር ማስመር ትጀምራላችሁ። የምንኖርባት ከተማ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በፕላን የተቆረቆረች ናትና ቀጥ ያለ መስመር ቢለምድባችሁ አልፈርድም። የድሮ ንግሥቶችን ይዞታ ስትስሉ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

እቴጌ እሌኒን ውሰዱ። የሐድያ ገዥ ልጅ ናቸው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ነበሩ። በኋላም ልጅ ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ አገር አስተዳድረዋል፤ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከዋል። ጉልታቸው ግን ትውልድ አገራቸው ላይ አልነበረም። ጎጃም ነበር። የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያንም ያሠሩት እዚያው ነው።

ባለ ጉልት ግብር ይበላል እንጂ መሬቱን አይወስድም። ገበሬው ርስቱን ይዞ ያርሳል። አንድ ማሳ፣ ሁለት ባለመብት! ታዲያ አካባቢውን በአንድ ቀለም ሞልታችሁ «የእሌኒ መሬት» ብትሉት ገበሬውን ከካርታው አጠፋችሁት ማለት ነው።

ቦሄሚያ፣ ዛሬ የቼክ አካል በሆነችው፣ ነገሩ ሌላ ነው። የሁለት ነገሥታት መበለት የነበረችው ኤሊሽካ ሬይችካ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መተዳደሪያዋ ከተሞች ነበሩ፤ ህራዴትስ ክራሎቬ፣ ክሩዲም፣ ቪሶኬ ሚቶ፣ ፖሊችካና ያሮምየርሽ። ህራዴትስ ላቤና ኦርሊትሴ ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ናት። ገበያ አለ፣ ጥሬ ገንዘብ አለ። እዚያ አምስት ነጥብ ብታስቀምጡ ያስኬዳል። የእኛ ነገሥታት ግን በድንኳን ይዞሩ ስለነበር የቤተ መንግሥት ሰው ቀለቡ ከገጠር ነው የሚመጣው።

ሌላም አለ። የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ሐድያ በዛሬው ዞን ድንበር አትሳሉት፣ አይገጥምም። ፌስቡክ ላይ ለሚነሳው የድንበር ጭቅጭቅ ግማሹ ጥፋት የእንዲህ ያለ ካርታ ነው።

መርጡለ ማርያም ሄዳችሁ ጂፒኤስ ስታወጡም ተጠንቀቁ። የእሌኒ ሕንፃ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ወድሟል። በ17ኛው ደግሞ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) እዚያው ቦታ ላይ ሠርተዋል። የምትለኩት ግድግዳ የማን እንደሆነ ሳታረጋግጡ ስማቸውን አትጻፉበት።