ቼሎን ብቻችሁን ለምትጫወቱ ልጆች

ልጆቼ፣

ቼሎ ስጫወትና ሳስተምር አርባ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታዘዙኝም። ጆሮዬ ግን ያኔ የማይሰማውን ይሰማል። የምጽፍላችሁም ስለ ጆሮ ነው።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የመጀመሪያ የቼሎ ስዊት (በርካታ ክፍሎች ያሉት ድርሰት) ፕሪሉድ፣ ማለትም መግቢያውን፣ ከካሴት እየሰማሁ አጠናሁት። በፍጥነት ነበር የምጫወተው። አንድ ኖታ አልስትም። መምህሬ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «በል ደጋኑን አስቀምጥ። የታችኛውን ድምፅ ብቻ አዚምልኝ» አሉኝ። አቃተኝ። ከዚያ ሁሉ ኖታ የትኛው የታችኛው እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር።

እስቲ የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች (በቋሚ መስመር የተከፈሉ የኖታ ክፍሎች) ተመልከቱ። ከሥር ያለው ጂ የተባለው ድምፅ ስምንት ጊዜ ይመለሳል፣ ንቅንቅ አይልም። የሚለዋወጡት ከላይ ያሉት ናቸው። ደጋኑ ጂን ትቶ ወደ ሌላው ክር ቢሄድም አድማጩ ጂን በጆሮው ይዞት ይቆያል። አንድ ቼሎ ብቻውን እንደ ሦስት ሰው የሚሰማው በዚህ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የታችኞቹን ድምፆች ብቻ ተጫወቱ፤ ረጅም አድርጋችሁ። እያዜማችሁም ሞክሩት። ሌላውን ከዚያ በኋላ ጨምሩበት። አሰልቺ ነው ትሉ ይሆናል። ግን በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ልምምድ የለም።

ስድስቱን ስዊቶች ባኽ በራሱ እጅ የጻፈበት ወረቀት ጠፍቷል። የቀረን ሌሎች የገለበጡት ነው። አንዱን የገለበጠችው ባለቤቱ አና ማግዳሌና ናት። ሌላውን ዮሐን ፔተር ኬልነር እ.ኤ.አ. በ1726 ገልብጦታል። በአንድ የደጋን ምት የትኞቹ ኖታዎች አብረው እንደሚሄዱ ሁለቱ ብዙ ቦታ አይስማሙም። ገዝታችሁ የምትጠቀሙበት መጽሐፍ ላይ ያሉት ኖታዎቹን የሚያያይዙ ቅስቶች ብዙዎቹ ያሳተመው ሰው ውሳኔ ናቸው። የሁለቱም ቅጂዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አውርዱና ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ከዚያ ራሳችሁ ወስኑ።

ብቸኛ ቼሎ በባኽ አልተጀመረም። ዶሜኒኮ ጋብርኤሊ እ.ኤ.አ. በ1689 ለብቻው ቼሎ ሪቸርካሪ የሚባሉ ድርሰቶች ጽፏል። እነሱንም ሞክሩ፣ ይጥማሉ።

ደግሞ አትቸኩሉ። ታዋቂው ቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስ የስዊቶቹን ኖታ ባርሴሎና ውስጥ ሲያገኝ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ሕዝብ ፊት እስኪጫወታቸው 12 ዓመት ያህል ተለማመደ። ስድስቱንም በሸክላ ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ነው።

አምስተኛውን ስዊት ስትጀምሩ የኤን ክር (ከሁሉም ቀጭኑን) ወደ ጂ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ። በተለመደው ቅኝት መጫወት ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል። እኔ ግን እንደተጻፈው አድርጉት እላለሁ። የላይኛው ክር ሲላላ ቼሎው ጠቆር ያለ ድምፅ ያወጣል። የዚህ ስዊት ሳራባንድ (ዝግ ያለ የዳንስ ክፍል) ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ኖታ በአንድ ላይ የሚመታበት ቦታ የለም። ነጠላ ድምፅ ብቻ ነው። ባዶ የመሰላቸው ተማሪዎች በቪብራቶ (ጣትን ክሩ ላይ እያርገበገቡ ድምፁን በማወዛወዝ) ሊሞሉት ሲታገሉ አይቻለሁ። እናንተ ተዉት። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ዝግ አድርጋችሁ ተጫወቱት፤ የታችኛውን ድምፅ እዚያም ፈልጉት። መጨረሻ ላይ ደጋኑን ካነሳችሁ በኋላ የቼሎው እንጨት ደረታችሁ ላይ መንዘሩን እስኪያቆም ድረስ አትነሱ።