ፌሮና እንስላል፦ የአልባኒ ባልብ ጉብኝት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና አጠገብ ነው። ልጆቻችን የስድስትና የሁለት ዓመት ናቸው። አልባኒ ባልብ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ እንዳለ ሰማን፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ፍርስራሽ፣ ብረትና አረም ነው። ከልጆች ጋር ይኬዳል? ቡና አፍልተን መዋልስ እንችላለን? እንስላልም በብዛት ይበቅላል ይባላል፤ ቆርጠን ብንወስድስ?
*እናት፣ ከኦክላንድ*

መልስ፦ ይኬዳል፣ ደግሞም ደስ ይላል። ግን የሚረግጡት መሬት ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ከ1963 እ.ኤ.አ. አንስቶ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የፈረሰ ሕንፃና መንገድ አርማታ፣ ጡብና አስፋልት ባሕሩ ውስጥ እየተደፋ የተፈጠረ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ስሙንም ያገኘው ከላይ ሲታይ ጫፉ እንደ አምፖል ስለሚከብ ነው።

የላዩ አፈር ስስ ነው። ዝናብና ማዕበል ባጠበው ቁጥር ፌሮው ይወጣል፤ እንደ ቀንድ ተጠማዝዞ ከሣሩ መሐል ብቅ ይላል። ዝገቱ ከአፈሩ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ሥሩ እስኪደርሱ ድረስ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም ሶሉ ወፍራም የሆነ ዝግ ጫማ ያድርጉ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነም ሳትሄዱ አረጋግጡ። ትንሹ ልጅ በሰፊው ዋና መንገድ ላይ ይሂድ። ጎማው ትልቅ የሆነ የሕፃን ጋሪ እዚያ ይገፋል፤ ወደ ውኃው በሚወርዱት ቀጫጭን መንገዶች ላይ ግን አይሞክሩት።

መኪና ካላችሁ ከ80 አውራ ጎዳና በቡካናን መውጫ ወጥታችሁ መንገዱ እስኪያልቅ ወደ ምዕራብ ንዱ። በባቡር ከሆነ ከኤል ሰሪቶ ፕላዛ ባርት ጣቢያ 40 ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል፤ ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር ይከብዳል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጫፉ ደርሶ መልሱ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውኃ ከቤት ያዙ፣ ልጆቹንም ከመነሻው ሽንት ቤት አስጠቅሟቸው፤ ወደ ውስጥ ከተገባ በኋላ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ቦታው ከጎልደን ጌት፣ ማለትም ባሕረ ሰላጤው ከውቅያኖሱ ጋር ከሚገናኝበት ጠባብ በር፣ ፊት ለፊት ነው። በአሜሪካ በጋ (በሰኔና ሐምሌ አካባቢ) የካሊፎርኒያ መሐል አገር ሲግል የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ አየር በዚያ በር በኩል ይስበዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ልጅን ያስለቅሳል። ኦክላንድ ላይ ፀሐይ ነው ብላችሁ በቲሸርት አትሂዱ። ጠዋት ሄዳችሁ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ምርጡ ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ነፋሱም ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ደህና ነው።

ለስድስት ዓመቱ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ከተጣለ እንጨት፣ ብረትና አርማታ የተሠሩት ቅርጻ ቅርጾችና ግድግዳ ሙሉ ሥዕሎች ናቸው። ከሠሪዎቹ አንዱ የበርክሌዩ ጠበቃ ኦሻ ኒውማን ነው። በርካታ ቤት አልባ ሰዎችም በ2014 እ.ኤ.አ. እስኪነሡ ድረስ እዚህ ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ልጁ ቅርጾቹን ይይ፣ አይውጣባቸው፤ ምስማርና የተቆረጠ ቆርቆሮ አላቸው።

ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ። ከሰል ማቀጣጠል አይቻልም። በበጋ የደረቀው ሣርና የእንስላሉ አገዳ እንደ ጭድ ይነዳል፤ በዚያ ነፋስ ላይ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች።

እንስላሉን ግን አደራ፣ አይቁረጡ። ሽታው ከሩቅ ይጣራል፣ ሰው ላይ ናፍቆት እንደሚቀሰቅስም እናውቃለን። ነገር ግን የበቀለው በፍርስራሽ ላይ ነው፤ የድሮ ቤት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ይህም በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በዚያ ላይ በአካባቢው ሄምሎክ የተባለ ገዳይ ተክል አለ፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የእንስላል ቅጠል እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ሲያሹት ይሸታል። የሄምሎክ ቅጠል ጠፍጣፋ ሆኖ የተተለተለ ነው፤ ለስላሳው አገዳው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት፣ ሽታውም ይከረፋል። ልጆቹ ማንኛውንም አገዳ እንደ ዋሽንት አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡ።

ጥያቄ፦ እዚያው ዓሣ ማጥመድና መብላትስ?
*አንባቢ፣ ከበርክሌይ*

መልስ፦ ዕድሜዎ 16 ከሞላ የካሊፎርኒያ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ያለ ፈቃድ የሚጠመደው ወደ ባሕሩ ገብቶ ከሚቆም የሕዝብ መድረክ (ፒር) ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ተራ ዳርቻ ነው። የባሕረ ሰላጤው ዓሣ ሜርኩሪና ፒሲቢ (መርዛማ የፋብሪካ ኬሚካል) አለበት። ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችና ልጆች ስትራይፕድ ባስ፣ ሻርክና ስተርጅን ባይበሉ ይሻላል። ቆዳውንና ስቡን ማውጣት ፒሲቢውን ይቀንሳል፤ ሜርኩሪው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ ምንም ቢያበስሉት አይወጣም።

ጥያቄ፦ ወፎች ለማየት መቼ ልሂድ?
*አንባቢ፣ ከሪችመንድ*

መልስ፦ በአሜሪካ ክረምት (በታኅሣሥና ጥር አካባቢ)፣ ውኃው መሙላት ሲጀምር። ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ ከሰሜን በኩል ባለው ጭቃ ላይ ርቀው ይበተናሉ። ውኃው ሲመለስ ግን እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል፣ ያኔ ያለ አጉሊ መነጽርም ይታያሉ። የማዕበል ሰንጠረዡን አይተው ውኃው ከሚሞላበት ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይድረሱ። ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ ያለፈው ቅዳሜ ሰዓት ለዚህኛው አያገለግልም። ጭቃው ላይ አይውረዱ፤ እግር ይውጣል።