የብዙ ቀን የተራራ ሩጫው መቼ ተጀመረ? (መልስ)

ወንድሜ፣ «ያ የዌልሱ የተራራ ሩጫ፣ ድራገንስ ባክ፣ መቼ ተጀመረ? እዚህ ባሕር ዳር ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የምሠራው ልምምድስ ይበቃዋል ወይ?» ብለህ ነበር።

የተጀመረው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በሰሜን ዌልስ ካለው የኮንዊ ግንብ ተነስቶ፣ ተራራ ለተራራ ወደ ደቡብ፣ 5 ቀን ሙሉ። ሯጮቹ ጥንድ ጥንድ ነበሩ። መንገዱ ላይ ምልክት የለም፤ በካርታና በኮምፓስ ራሳቸው ያገኙታል። አንደኛ የወጡት ሄሌን ዲያማንቲደስ እና ማርቲን ስቶን ናቸው። አንዲት ሴት ያለችበት ጥንድ ወንዶቹን ሁሉ ቀደመ!

ከዚያ ውድድሩ 20 ዓመት ጠፋ። በ2012 ሲመለስ ሄሌንም ተመለሰች፤ ከሴቶች 1ኛ፣ ከሁሉም 4ኛ። እኔ ይህቺን ሴት ሳስብ ልቤ ይሞላል። ከ2021 ወዲህ 6 ቀን ሆኗል፤ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መጨረሻው ካርዲፍ ግንብ።

ከፍታው አያስፈራህ። የዌልስ ትልቁ ተራራ 1,085 ሜትር ነው፤ ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ገደማ ላይ ናት። የሚጎዳው ብርዱ፣ ጉሙና ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ቤዛዊትን መውጣት ብቻ አይበቃም። ቶሎ ቶሎ ውረድበት፤ ጭን የሚያልቀው ሲወርዱ ነው። በማግስቱም ድካሙ ሳይለቅህ ድገመው።