የስለላ ድርጅቶችን የሚቆጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በለንደን ነው። ስለ ብሪታንያ የስለላ ድርጅቶች በሚነገር ዜና ከሚኒስትሮቹ ሌላ በሕዝብ ያልተመረጡ ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሲጠቀሱ እሰማለሁ። እነዚህ ሰዎች ድርጅቶቹን ያዝዛሉን? ያልተመረጠ ሰው ይህን ያህል ሥልጣን መያዙስ ተገቢ ነውን?

መልስ፦ አያዝዙም። ስለ አገር ውስጥ የደኅንነት ድርጅቱ ኤምአይ5 በሕግ ተጠያቂው የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ፣ ስለ ውጭ አገር የስለላ ድርጅቱ ኤምአይ6 እና የመገናኛ መልእክቶችን ስለሚጠልፈው ጂሲኤችኪው ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲሆኑ፣ ሥራውን የሚመሩት የየድርጅቱ ኃላፊዎች ናቸው። የከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞቹ ሥልጣን የሚታየው በሌላ በኩል ነው። ሦስቱ ድርጅቶች በጀታቸውን የሚያገኙት ከአንድ የጋራ ሒሳብ ሲሆን፣ ስለዚህ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት መልስ ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የበላይ የሆነው የካቢኔ ጸሐፊው ነው፤ ገንዘቡን የሚያከፋፍል ሰው ደግሞ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም በመወሰኑ ላይ ድምፁ ከባድ ነው።

ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመረጃው ግምገማ ነው። በ1936 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የጋራ የመረጃ ኮሚቴ ከየድርጅቱ የመጣውን መረጃ መዝኖ ለመንግሥት ያቀርባል። በመስከረም 2002 ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ የወጣው የመንግሥት ሰነድ በዚህ ኮሚቴ ስም በመቅረቡ፣ በመረጃው ላይ የነበረው ጥርጣሬ በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ቀረ። ጉዳዩን የመረመሩትና ቀድሞ ራሳቸው የካቢኔ ጸሐፊ የነበሩት ሎርድ በትለር በ2004 ባቀረቡት ሪፖርት፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሚኒስትሮች ጋር በከፍተኛ ደረጃ የሠራ፣ በማንም ተጽዕኖ ሥር እንደማይወድቅ በግልጽ የሚታይ፣ ስለዚህም ምናልባት በመጨረሻ ሹመቱ ላይ ያለ ሰው እንዲሆን መክረዋል። ሌላ ሹመት የማይጠብቅ ሰው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የማይጥመውን ለመናገር ይቀለዋልና፣ ምክሩ ትክክለኛ ነው እላለሁ። በዚህ ሥራ ላይ በምርጫ አለመመጣት ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው።

ሆኖም ይህ ሰው የሚመክረው በዝግ በር ስለሆነ፣ ሕዝቡን ወክሎ የሚጠይቅ አካል ያስፈልጋል። ከ1994 ጀምሮ ከፓርላማ አባላት የተውጣጣ የመረጃና ደኅንነት ኮሚቴ አለ፤ ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቀርባል። ስለ ሩሲያ የተዘጋጀው ሪፖርት በጥቅምት 2019 ቀርቦ የታተመው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርጫ በኋላ፣ በሐምሌ 2020 ነው።