መጀመሪያ የልጅቷ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ፊርማው

ክቡር አማካሪ፣

ከባለቤቴ ጋር የልብስ ስፌት ሥራ ከጀመርን ስድስት ዓመት ሊሆነን ነው። የምንሰፋው የተማሪዎችና የሠራተኞች የደንብ ልብስ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሥራው ያጣድፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለወራት ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ታታሪና ከሰው ተግባቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ አመል አለው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እኔን ሳይጠይቅ «ይደርሳል» ይላል። የጨርቁን ልክ የማሰላው እኔ፣ የምቆርጠው እኔ፣ ሠራተኞቹ የሰፉትን የማርመው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ቀን የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። ስነግረው «እሺ» ይለኛል፤ በማግሥቱ ሌላ ሥራ ተቀብሎ ይጠብቀኛል።

ስለ ልጆቹ እንኳ ብዙም አልቸገርም። የስምንት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የሁለት ዓመት ወንድሟን እስክንዘጋ ድረስ ትይዝልኛለች፤ ጎበዝ ስለሆነች ቁልፍ መትከልም ጀምራለች። መምህሯ «ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች» የሚል ማስታወሻ ልካ ነበር እንጂ በውጤቷ አትታማም።

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ባለፈው ሰሞን ለሁለት ደንበኞች አንድ ቀን ቀጥሮ፣ ሁለቱም መጥተው በእኔ ላይ ሲጮሁ እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ትዕግሥቴ ያለቀው ያን ዕለት ነው። አሁን ደግሞ ተጨማሪ ማሽኖች ለመግዛት ከባንክ ብድር ተፈቅዶለታል። መኖሪያ ቤታችን መያዣ ይሆናል፤ የእኔም ፊርማ ያስፈልጋል። «የእስከ ዛሬው ትርፋችን ዕዳውን ይችለዋል» ይለኛል። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ቀን የሚቆረጥባት እናት

እኅቴ፣

የባልሽን አመል በሚገባ ገልጸሽዋልና እኔ የምጨምርበት የለኝም። ደብዳቤሽን ደግሜ እንዳነብ ያደረገኝ «ብዙም አልቸገርም» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ነው። አንቺ አልተቸገርሽ ይሆናል፤ ልጅሽ ግን ተቸግራለች፤ መምህሯም ይህንኑ በጽሑፍ ነግራሻለች።

ልጅ ወላጁን ማገዝ የለበትም የሚል ሰው አይደለሁም። የቤተሰብ ሥራ እያዩ ማደግ ብዙ ያስተምራል፣ የትኛውም ትምህርት ቤት የማይሰጠው ዕውቀት አለው። ነገር ግን ልጅቷ አንድ ቀን ብትታመም ሥራችሁ የሚስተጓጎል ከሆነ፣ ያ እገዛ መሆኑ ቀርቷል፤ ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ ሆናለች ማለት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን ከመብት ይቆጥራቸዋል። በዚያ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ቁልፍና መርፌ መሬት ላይ በሚወድቅበት፣ የጋለ ካውያ ገመዱ ተንጠልጥሎ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። አንዲት ቁልፍ ጉሮሮው ውስጥ ብትቀረቀር ተጠያቂዋ የስምንት ዓመቷ ልጅ ልትሆን ነው? ቆጣ ብዬ ከሆነ ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ይህ ሁሉ ከብድሩ ጋር ምን አገናኘው ትዪኝ ይሆናል። ባልሽ ትርፍ የሚለው ገንዘብ ከየት እንደመጣ እስቲ አስቢው። የቆራጭ፣ የተቆጣጣሪና የሞግዚት ደመወዝ ከወጪ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም ሦስቱንም ሥራ አንቺና ልጅሽ በነፃ ትሠሩታላችሁ። በእኔ እምነት ስድስት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሲባል የኖረው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ያልተከፈለ የእናንተ ደመወዝ ነው። ቤታችሁን መያዣ ልታደርጉ የተነሣችሁት በዚህ ሒሳብ ተማምናችሁ ነው።

የማሽኖቹ ነገርም አልገባኝም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሥራው የሚዘገየው ማሽን አንሶ ሳይሆን የምትቆርጪውና የምታርሚው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው። ማሽን ሲጨመር ተቆርጦ የሚጠበቀው ጨርቅ ይጨምራል፤ የአንቺ እጅ ግን ያው ሁለት ነው፣ «ይደርሳል» የሚለውም ያው ሰው ነው። የብድር ክፍያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ይጠየቃል፤ ገቢያችሁ ግን ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ነው። ሥራ በቀዘቀዘባቸው ወራት ክፍያው ከየት እንደሚወጣ ባልሽ ነግሮሻል? ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለም፣ ባንኩ የዕዳውን ሙሉ ገንዘብ ከአንቺ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነውና፣ የሕግ ባለሙያ ሳያየው እንዳትነኪው።

ስለዚህ አሁን አትፈርሚ። ሕፃኑን የምትይዝ ሰው በዚህ ሳምንት ቅጠሩ፣ ደመወዟም ከድርጅቱ ወጪ ተመዝግቦ ይከፈል። አንቺም ለውጭ ቆራጭ የምትከፍሉትን ያህል በየወሩ በስምሽ ይመዝገብልሽ፤ እጅሽ ላይ ባይገባ እንኳ ከገቢው ይቀነስ። አንድ ሙሉ የሥራ ወቅትና አንድ የቀዘቀዘ ወቅት በዚህ ዓይነት ሒሳብ ከያዛችሁ በኋላ የሚተርፍ ነገር ከተገኘ፣ ክፍያው ከሥራችሁ ወቅት ጋር እንዲስማማ ከባንኩ ጋር ተደራደሩና ያን ጊዜ ፈርሚ። ከማሽኑም በፊት ሁለተኛ ቆራጭ ብታሠለጥኑ እመርጣለሁ። ባልሽ «ቸኩለን ካልወሰድን ያመልጠናል» ቢልሽ፣ ዛሬ የፈቀደው ባንክ ሒሳባችሁ ሲስተካከል የማይፈቅድበት ምክንያት እንደሌለ ንገሪው።

መምህሯ የላከችውን ማስታወሻ ግን ዛሬ ማታ ለባልሽ አሳዪው። ስለ እሱ ይህን ያህል ጽፈሽልኝ፣ ማስታወሻውን አይቶ ምን እንዳለ አንድ ቃል ስላልጻፍሽልኝ፣ እስካሁን አላሳየሽውም ብዬ ገምቻለሁ።