«ማነው የሚሰርቀኝ?» ከማለትህ በፊት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ከአራት ወር በፊት አንድ ልጅ ቀጠርኩ፣ ጎበዝ ነው ምንም አይወጣለትም ግን እሱ ከገባ ወዲህ ማታ ሒሳብ ስዘጋ ብር ይጎድላል። አንዳንዴ 300 አንዳንዴ 450። በሆዴ ይዤው ስብሰለሰል ከረምኩና ባለፈው ሳምንት አላስችል ሲለኝ «ከአንተ ሌላ እዚህ ካዝና ውስጥ እጁን የሚከት ማነው?» አልኩት፣ ልጁ አለቀሰ። አሁን እሱም አኮረፈኝ ብሩም መጉደሉን አላቆመም። እንዴት ብጠይቀው ነው እውነቱን የሚያወጣው?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፣ ግን አትቀየመኝና አንተ እኮ ልጁን አልጠየቅከውም፣ ፈርደህ ጨርሰህ የጥያቄ ምልክት ነው ያደረግክበት። «ከአንተ ሌላ ማነው» ሲባል መልሱ እዛው ውስጥ ተቀምጧል፣ ለልጁ የቀረለት ወይ ማመን ወይ ማልቀስ ነው። ደግሞ ያንተ ብቻ አመል እንዳይመስልህ፣ አያቶቻችን ዛፍ ስር በላ ልበልሃ ሲሟገቱ «ተጠየቅ!» እያሉ ባለጋራቸውን በጥያቄ እያጣደፉ መውጫ ያሳጡት ነበር፣ እሱ ርስት ለመርታት ምን የመሰለ ነገር ነው። ለጎደለ ብር ግን አይሆንም። እኛ እስካሁን ጥያቄ ስናነሳ የምንረታው ሰው እንጂ የምናውቀው ነገር ያለ አይመስለንም፣ ቤት ውስጥም ቢሮም ስብሰባም ላይ ያው ነው።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። ባለፈው ክረምት ቤታችን ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን፣ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱ ከጋለ በኋላ ድርግም፣ ቡሃቃው ሙሉ ሊጥ ይቀራል። ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ «ይሄ ብሬከር ለምን ይበላሻል?» አልኩት፣ እሱም እንደ ጥያቄዬ ብሬከር ቀየረልኝ። ወረደ። ሌላ ሰው ጠራሁ፣ ያንኑ ጠየቅኩ፣ እሱም ቀየረ። ሦስተኛ ልጠራ ስል ጎረቤታችን ያሉ እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር፣ ቶናው ላይ ሲኒያቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የሚወርደው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በምጣድ ጊዜ ነው ብዬ ድርቅ። «ትናንትም ጋግራችሁ ነበር፣ ትናንት ወረደ እንዴ?» አልወረደም። ትናንት ፀሐይ ነበር! ወጥቼ ጓሮ ዞርኩ፣ ጣሪያው ጠርዝ ስር ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ፕላስተሩ ተላጦ ቆርቆሮው ላይ ያለው ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል። እኚያ እናት ስለ መብራት የሚያውቁት ማብራትና ማጥፋት ነው እኮ፣ እኔ «ለምን ይበላሻል» ስል ብሬከሩ እንደተበላሸ አስቀድሜ ወስኜ ነበር፣ እሳቸው ምንም አልወሰኑም።

እና ወደ ሱቅህ ስመለስ፣ ልጁን ለጊዜው ተወውና ደብተር ያዝ። የጎደለው ብሩ ነው ወይስ የተጻፈው ነው የበዛው? ይቺን ቀለል አድርገህ እንዳታያት፣ ያልተጻፈ ዱቤ፣ በሞባይል የገባ ክፍያ እንደ ካሽ ተቆጥሮ፣ ዋጋ ጨምሮ አንተ በአዲሱ ስታሰላ ልጁ በድሮው እየሸጠ፣ እነዚህ ሁሉ ማታ ላይ «ጎደለ» መስለው ነው የሚመጡት። በየትኛው ቀን ነው የሚበዛው? ሰኞ ገበያው ሲደራ ከሆነ ለደንበኛ የሚመለስ ብር ስህተት ሊሆን ይችላል። ደግሞ እኔን በጣም የከነከነኝ፣ ልጁ ከመቀጠሩ በፊት ማታ ማታ ሒሳብ ትዘጋ ነበር ወይ? ካልሆነ ድሮም ይጎድል ነበር፣ አንተ ነህ ማየት የጀመርከው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እንግሊዝ አገር ፒተር ዌሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 ለ29 ሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጣቸው፣ እነዚህ በልቤ ያለውን ሕግ ያሟላሉ፣ እናንተ ሌላ ሦስት ሦስት ቁጥር እያመጣችሁ ጠይቁኝና ሕጉን ድረሱበት አላቸው። ብዙው ሰው 8፣ 10፣ 12 ዓይነቱን ያመጣል፣ ልክ ነው ይባላል፣ ደስ ይለውና «በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው» ይላል። አይደለም። ሕጉ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ይሁን ብቻ ነበር፣ 3፣ 7፣ 50 ብትለውም ልክ ነው። በመጀመሪያ ግምታቸው ያገኙት 6 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ያጣው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የራሱን ሐሳብ ሊያፈርስበት የሚችል ጥያቄ ስላልጠየቀ ነው። አንተም «ልጁ ሌባ ነው» ካልክ በኋላ የምታየው ሁሉ 8፣ 10፣ 12 ነው፣ ዝም ካለ ደብቆ ነው፣ ካለቀሰ ታውቆበት ነው። ይልቅ ልጁ ንጹሕ ቢሆን ምን አይ ነበር በል። እሱ እረፍት በወጣ ቀን አንተ ብቻህን ሽጠህ ዝጋው፣ ያኔም ከጎደለ ጨርሰናል።

አነጋገር ላይም ጠንቀቅ በል። በ1974 ሎፍተስ እና ፓልመር የሚባሉ አሜሪካኖች ተማሪዎችን የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው በስንት ፍጥነት ይሄዱ ነበር ሲሉ ጠየቁ፣ ግስ ብቻ እየቀየሩ። «ሲጋጩ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ አሉ፣ «ሲላተሙ» የተባሉት 66 ገደማ። ፊልሙ አንድ ነው! ካይዘን (የጃፓኖቹን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) የሰለጠነ ጓደኛ ካለህ ደግሞ አምስት ጊዜ «ለምን» በል ይልሃል፣ የቶዮታዎች ዘዴ ነው፣ ማሽን ላይ እኔም እወደዋለሁ፣ ሰው ላይ ግን «ለምን» በኛ አማርኛ ዱላ ነው፣ «ለምን ጎደለ» ስትለው ይከላከላል፣ «ማክሰኞ ከሰዓት ምን ምን ሸጥን» ስትለው ያስባል። በመጀመሪያ ግን ይቅርታ ጠይቀው፣ ከዛ ካዝናውን አብራችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጥያቄ ያበዛል፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር ለምን ለምን ነው፣ ሰው አፈ ጮሌ አሳደግሽ ይለኛል። ዝም ላሰኘው ወይስ ልተወው? ከሐይቅ

መልስ፦ እህቴ ዝም አታሰኚው በናትሽ። ወሎ እኮ የጥያቄ አገር ነው፣ ዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል፣ ደረሳውም ኪታቡን ይዞ ሸሁ ፊት ተቀምጦ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ማንም አፈ ጮሌ አላለውም። ሰዓቱንና ቦታውን አስተምሪው፣ እንግዳ ፊት ያዝና ማታ ንገረኝ በይው፣ ማታ ግን የእውነት ጠብቂው።

ከፈለግሽ እንቆቅልሽን ገልብጣችሁ ተጫወቱ። አንቺ አንድ የወሎ ከተማ በልብሽ ያዢ፣ እሱ በአዎና በአይደለም ብቻ እየጠየቀ ይድረስበት። መጀመሪያ «መርሳ ነው? ባቲ ነው? ኩታበር ነው?» እያለ አንድ በአንድ ይደክማል፣ እንደው ዝም ብለሽ እይው፣ የሆነ ቀን በራሱ «ከደሴ ወደ ሰሜን ነው?» ይላል። ያቺ ቀን ድግስ ደግሺ። ግማሹን አገር በአንድ ጥያቄ አስወጣው ማለት ነው፣ 16 ከተማ ቢሆን ሁሌ እኩል ለሁለት ከከፈለው በአራት ጥያቄ ያልቃል፣ በ20 ጥያቄ ደግሞ ከሚሊዮን በላይ ነገር ውስጥ አንዱን ነቅሶ ማውጣት ይቻላል። ካቃተው ያው ነው፣ አገር ስጠኝ በይው፣ ደሴን ግን በቀላሉ የሚሰጥሽ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ቦረና። አስተምሬ ስጨርስ «ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም «አዎ!» ይላሉ፣ ፈተና ላይ ግን ጉድ ነው። ይዋሻሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይዋሹም መምህር፣ «ገባችሁ?» መልሱ «አዎ» የሆነ ጥያቄ ነው፣ «ደህና ነህ?» ሲባል «ደህና እግዚሐር ይመስገን» እንደሚባለው፣ ሆድ እየቆረጠም ይባላል። «የቱ ጋ ነው የጠፋችሁ?» ይበሏቸው፣ ወይ ደግሞ «ይሄን ለታናሽ ወንድምህ እንዴት ታስረዳዋለህ?» ይበሉና አንዱን ይጥሩ። ከጠየቁ በኋላ ደግሞ ይጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ እየቀዳች ስታዳምጥ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ልጆቹ ረዘም ያለ መልስ መስጠት ጀመሩ፣ ዝም የሚሉትም ተናገሩ። ሦስት ሰከንድ ቀላል ይመስላል አይደል፣ እኔ ቤቴ ሞክሬው ሁለት ሳልደርስ ራሴ መለስኩት።